ሃይማኖትን ማጽናት ሌላ፥ ባልንጀራን ማስገደድ ሌላ

ሰው ሃይማኖቱን አጥብቆ ቢይዝ ያስመሰግነዋል እንጂ አያስነቅፈውም። ጾሙን የሚጾም፥ ጸሎቱን በሰዓቱ የሚያደርስ፥ ለተቸገረ የሚመጸውት፥ ልጁን በፈሪሃ እግዚአብሔር የሚያሳድግ ሰው ለጎረቤቱም ለአገሩም ረዳት ነው። ጥፋቱ የሚጀመረው ይህ ሰው ስለ ገዛ ነፍሱ ማሰቡን ትቶ የጎረቤቱን ነፍስ በዱላ ለማዳን የተነሣ ዕለት ነው። በዛሬው አነጋገር አክራሪነት የሚባለው ይኸው ነው፤ ተቃራኒውም ልከኝነት ወይም ለዘብተኝነት ይባላል። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት በየአፉ ሲመላለሱ ትርጓሜያቸው ተደባልቋል። አንዳንዱ ጽኑ አማኝን ሁሉ አክራሪ ብሎ ይጠራል፤ ሌላውም ልከኝነትን የሃይማኖት መላላት አድርጎ ይቈጥራል። ስለዚህ አክራሪው ማን እንደ ሆነ፥ ልከኛውም ማን እንደ ሆነ የሚታወቅበት መለኪያ ያስፈልጋል።

ልዩ ልዩ ዘርና ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች ባንድነት በሚኖሩባቸው፥ ሕዝቡም በመረጣቸው እንደራሴዎች በሚተዳደርባቸው በአውሮፓና በአሜሪካ አገሮች ይህ ክርክር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበረታ ሄዷል። ለኢትዮጵያ ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ሁሉ፥ ሥሩን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከጎንደር በላይ ያለው የወገራና የስሜን ደጋ ብቻውን በቂ ትምህርት ይሰጠዋል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው መንገዱ በወገራ፥ በዳባትም በኩል አልፎ ደባርቅ ያደርሰዋል። ደባርቅ የስሜን ተራሮች በር ናት፤ ከርስዋ ወዲያ የሊማሊሞ ቁልቁለት፥ በ1970 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፥ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ደጀንም ይገኛሉ። በጃናሞራም በኩል መካነ ብርሃንና በታሪክ የታወቀችው ደረስጌ ማርያም አሉ። በዚህ ደጋ ክርስቲያን ገበሬ፥ እስላም ነጋዴና ሸማኔ፥ ቤተ እስራኤል አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ለብዙ መቶ ዓመታት ባንድ ገበያ ሲገናኙ ኖረዋል። በገበያ የተስማሙትን ያህል ግን በሃይማኖት ነገር አልተስማሙም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ደም ፈሷል።

የኦሪትን ሕግ የሚጠብቁት ቤተ እስራኤል በስሜን ገደላገደል ውስጥ የራሳቸው አለቆች ነበሩአቸው። ዐፄ ይስሐቅ (ከ1406 እስከ 1422 ዓ. ም.) በወገራ ወግተው ድል ካደረጓቸው በኋላ፥ የተጠመቀ ያባቱን መሬት ይውረስ፥ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ ይነገራል። ፈላሻ የሚለው፥ እነርሱ ራሳቸው የማይወዱት ስም የመጣው ከዚህ ነው የሚሉ አሉ። እንግዲህ በዚያ ጊዜ እምነት በመሬት ተመዘነ ማለት ነው፤ ርስቱን የወደደ እምነቱን ይጥላል፥ እምነቱን የወደደ ርስቱን ይለቃል።

በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን (ከ1555 እስከ 1589 ዓ. ም.) ጦርነቱ እስከ ስሜን አምቦች ጫፍ ወጣ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ስለ አንዲት ምርኮኛ ሴት ይተርካል። እጅዋ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ሲወስዳት የአምላክዋን ስም ጠርታ ራስዋን ወደ ገደሉ ወረወረች፤ ማራኪዋም አብሮ ወደቀ። ይህን የጻፈው የቤተ መንግሥቱ ክርስቲያን ጸሐፊ ነው፤ ይሁን እንጂ የሴቲቱን ጽናት ማድነቁን አልደበቀም። ጠላትዋ የሆነው ብዕር የመሰከረላትን ልብ ሰይፍ ሊለውጠው እንደማይችል በዚያ ጊዜ የተረዳ ሰው ቢኖር ኖሮ፥ ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ብዙው በቀረ ነበር።

መከራው ግን ቀጠለ። ዐፄ ሱስንዮስ (ከ1599 እስከ 1624 ዓ. ም.) በስሜን ጌዴዎን ከሚባለው የቤተ እስራኤል አለቃ ጋር ተዋጉ፤ ብዙ ሰው እንዲገደልና የቀረውም በግድ እንዲጠመቅ አዘዙ። ክርስቲያኑ ሕዝብ በዚህ ጊዜ ዝም አለ። የተገደደው የሌላው ወገን ነውና ነገሩ የማይነካው መሰለው። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ግን ያው የግድ እጅ ወደ ክርስቲያኑ ደጃፍ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል እስፓኛዊ፥ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፥ በ1595 ዓ. ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ይህ ሰው ለሮማ ሃይማኖት ያለው ቅንዓት ከማንም አያንስም ነበር፤ ዳሩ ግን ትዕግሥተኛ ነበረ። አማርኛንና ግዕዝን ተማረ፤ የአገሩን ታሪክ ጻፈ፤ ከሊቃውንቱ ጋር ቃል በቃል ተከራከረ፤ የሕዝቡን ልማድ በድንገት ለመንቀል አልቸኰለም። ንጉሡም ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ትምህርቱን ተቀበሉ። ፓኤዝ በ1614 ዓ. ም. በጎርጎራ ዐረፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሱ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበር። በየካቲት 1618 ዓ. ም. በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ፓፓ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፥ ግዝረት እንዲቀር፥ የዘመን አቈጣጠሩና ሥርዓተ ቅዳሴው እንዲለወጥ ታዘዘ። የቅዳሜን ሰንበት ማክበርም አስቀድሞ ተከልክሎ ነበር። ቅዳሜን በማክበሩ ቤተ እስራኤልን ይንቅ የነበረ ክርስቲያን አሁን እርሱ ራሱ ቅዳሜን ስላከበረ ወንጀለኛ ሆነ።

ሕዝቡም ዝም አላለም። ገና በ1609 ዓ. ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስና ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ስለ ሃይማኖት ተነሥተው በጦርነት ሞተው ነበር። ከዚያ በኋላ በበጌምድር፥ በጎጃምና በላስታ አመፁ ተከታተለ። በመጨረሻ በሰኔ 1624 ዓ. ም. በወይና ደጋ ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ጦርነት 8000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን ድሉ አላስደሰታቸውም። በሬሳው መካከል ሲያልፉ የገዛ ወገኖቻቸው ቀርበው፥ እነዚህ ሙታን እስላሞች ወይም አረመኔዎች አይደሉም፥ ክርስቲያኖችና የገዛ ዜጎችዎ ናቸው እንጂ ብለው እንደ ወቀሱአቸው ይተረካል። ከዚያ በኋላ ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ጥቂት ወራት ቈይተውም ሞቱ።

ይህ ወቀሳ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ትልቅ የርኅራኄ ቃል ይጠቀሳል፤ በእርግጥም የእርስ በርሱን እልቂት አስቁሟል። ዳሩ ግን በደንብ ለመረመረው ሰው በውስጡ ሌላ ነገር ይታየዋል። ሙታኑ እስላሞች ወይም የስሜን ቤተ እስራኤል ቢሆኑ ኖሮ ወቀሳ አልነበረም ማለት ነው። ያ ርኅራኄ በወገን አጥር የታጠረ ርኅራኄ ነበር። ከዚህ የሚፈለገው መለኪያ ይገኛል፤ የሰው ልከኝነት የሚታወቀው ለገዛ ወገኑ በማዘኑ አይደለም፤ ለገዛ ወገኑማ አክራሪውም ያዝናል። የሚታወቀው እምነቱ ስሕተት ነው ብሎ ለሚያስበው ለሌላው ሰው ሕይወትና ነፃነት በሚያደርገው ጥንቃቄ ነው።

ልከኝነት በወገን ላይ ብቻ ሲቀር ውጤቱ ምን እንደሚሆን የተከተለው ዘመን አሳየ። የተገፋው ሲሾም በተራው ገፊ ሆነ። ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ፤ በ1630 ዓ. ም. ሁለት ፈረንሳውያን የካፑሲን መነኮሳት ወደ አገሩ በመግባታቸው ብቻ በስቅላት ተቀጡ። የአውሮፓ ሰው ሁሉ ለረጅም ዘመን እንደ ጠላት ተቈጠረ፤ ከእርሱም ጋር ሊመጣ ይችል የነበረው ጥበብ በር ተዘጋበት። የሜንዴዝ ችኰላ ለሮማ ሃይማኖት ያተረፈላት ነገር ቢኖር ጥላቻ ብቻ ነው። ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ደግሞ በ1660 ዓ. ም. ጉባኤ አድርገው እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ አዘዙ። በጎንደር እስላሞቹ በቀሃ ወንዝ በኩል ወዳለው ሰፈር ወረዱ። ይህ ሥርዓት ሰይፍን ወደ ሰገባው መልሶ ንግድና የእጅ ሥራ እንዲቀጥል አድርጓልና ከቀድሞው ይሻላል። ሰዎችን ግን በአጥር ለየ እንጂ አላስማማም፤ ተለያይቶ የሚኖር ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው ወሬውን ብቻ ነውና።

ከዚህ ወሬ ሁሉ የከፋው የቡዳ ወሬ ነው። በወገራና በስሜን ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የሚቀጠቅጥለት፥ ሚስቱ ወጥ የምትሠራበትን ድስት የሚሠራላት ቤተ እስራኤል ነበር። ያለ እርሱ እርሻም ማድቤትም አይሆንም ነበር፤ ነገር ግን ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ በዓይኑም ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራና ይጠላ ነበር። ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው ከሌላው ሰው ጋር መነካካትን እንደ ርኵሰት ይቈጥሩ ነበርና፥ ሌሎቹ «አትንኩኝ» የሚል ስም አወጡላቸው። አክራሪነት ሁልጊዜ በነጋሪትና በጦር ብቻ አይመጣም። አዋጅ ሳይታወጅ፥ ንጉሥም ሳያዝ፥ በምድጃ ዳር ለልጅ በሚነገር ተረት ውስጥ ተኝቶ ይቈያል፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ነቅቶ ይነሣል።

ስለ መንግሥት ማስገደድም ሌላው ምዕራፍ የሚጀምረው ከመካነ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ ነው። በየካቲት 1847 ዓ. ም. ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የስሜንንና የትግሬን ገዢ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፥ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዚያ ዘመን ያንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች በተዋሕዶ፥ በቅባትና በጸጋ ተከፋፍለው ይካሰሱ ነበር። ካሳ ገና ሳይነግሡ ከጳጳሱ ጋር ተስማምተው ሁሉም በጳጳሱ ትምህርት እንዲያምን አስወጅተው ነበር፤ የካቶሊክ ሚስዮናውያንም ተባረሩ። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ. ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። ተዋሕዶ ብቻ እንዲጸና ተወሰነ፤ የተሸነፉት የአንዳንዶቹ ምላስ እንደ ተቈረጠ ይነገራል። የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እርሳቸው ናቸው።

ለእነዚህ ነገሥታት ፍርድ ሲሰጥ ምክንያታቸውን መመልከት ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ የተረከቡት በመሳፍንት ተበጣጥሶ የነበረ አገር ነው። ዐፄ ዮሐንስም በ1868 ዓ. ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው አገራቸውን ያዳኑ ንጉሥ ናቸው፤ በቦሩ ሜዳም የተሰበሰቡት ይህ ጦርነት ካለፈ ከሁለት ዓመት ጥቂት ብቻ ሲበልጥ ነበር። የሃይማኖት አንድነት ለአገር አንድነት ዋስትና ነው ብለው አመኑ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሰቡ እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ የአውሮፓም ነገሥታት ለብዙ ጊዜ ይህንኑ አስበው ሕዝባቸውን አፋጅተዋል። ነገር ግን ሐሳቡ በሥራ ሲፈተን አልጸናም። በወሎ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም የሆነ ሰው በዛ፤ ሼህ ጠልሐ አመፅ አስነሡ፤ ብዙ ሰው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። አንድነት ሊያመጣ የታሰበው አዋጅ በጠረፍ ላይ ቂም የያዘ ስደተኛ አበዛ። በዚያው ወራት በሱዳን የማሕዲ ተከታዮች ሃይማኖታቸውን በሰይፍ ለማስፋፋት ተነሥተው ነበር፤ በጥር 1880 ዓ. ም. ጎንደር ድረስ ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፤ በመጋቢት 1881 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ በመተማ ወደቁ። በሁለቱም ወገን ሰይፉ ስለ እግዚአብሔር ተመዘዘ ተባለ፤ የተቃጠለው ግን የድኻው ቤት ነው።

የስሜንና የወገራ ቤተ እስራኤል ዕጣም በመጨረሻ ስደት ሆነ። በ1854 ዓ. ም. ገደማ አባ ማሐሪ የሚባሉት መነኵሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ተስፋይቱ ምድር ለመግባት ተነሡ፤ ከመንገድ ረኃብና በሽታ ብዙውን ፈጀው። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ በ1977 ዓ. ም. በሱዳን በኩል 8000 ያህል ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ. ም. ደግሞ ከ14000 የሚበልጡ በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓዙ። ለሃይማኖታቸው ብለው በስሜን ገደል የሞቱ ሰዎች ዘሮች ግን በደረሱበት አገር ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የአገሩ ታላላቅ ረቢዎች አይሁድነታችሁ ያጠራጥራልና በውሃ ጠልቃችሁ ንጹ አሉአቸው። ስለዚህ ነገር በ1978 ዓ. ም. መባቻ በኢየሩሳሌም በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በስሜን አይሁድ ናችሁ ተብለው የተገፉ፥ በእስራኤል አይሁድነታችሁ አልሞላም ተባሉ። ሌላውን ሰው በራስ ሚዛን ብቻ የመመዘን በሽታ የማንም ሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሕግ ከጥንቱ ርቋል። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ቢያቈይም፥ የሌሎች ሃይማኖቶች ሥርዓት እንዳይከለከል ደንግጎ ነበር። በሚያዝያ 1966 ዓ. ም. 100000 ያህል ሰው በአዲስ አበባ ወጥቶ የእስላሞች መብት እንዲከበር ሲጠይቅ፥ በሰልፉ ውስጥ ብዙ ክርስቲያኖች ነበሩ። በሚከተለው ዓመት ሦስቱ የእስላም በዓላት የመላው አገር በዓል ሆኑ። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ በ27ኛውም አንቀጽ ማንም ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳይገደድ ደነገገ። ከወይና ደጋው ወቀሳ እስከ 1966ቱ ሰልፍ ያለው ርቀት የቱን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ያስተውሏል፤ በዚያ የሚታዘንለት ወገን ብቻ ነበር፤ በዚህ ግን ሰው ለራሱ ሳይሆን ለጎረቤቱ መብት አደባባይ ወጣ።

ይሁን እንጂ ሕግ መጻፉ ብቻ ነገሩን አልጨረሰውም። በታኅሣሥ 2012 ዓ. ም. በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ. ም. በጎንደር ከተማ በአንድ የእስላም ሽማግሌ ቀብር ላይ በተነሣ ጠብ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች እንደ ሞቱ የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ። ወሬው ብዙ ሳይቈይ ስልጤ ደረሰ፤ በዚያ ደግሞ በጎንደሩ ነገር እጃቸው የሌለበት ክርስቲያኖች ተጠቁ፥ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ። ጎንደር ከደባርቅ የ100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ናት፤ ስልጤ ግን ከጎንደር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በአንድ ቀብር የተጀመረ ጠብ ይህን ሁሉ አገር በጥቂት ቀን የሚያቋርጥበት ምክንያት፥ አክራሪ ሰው በደልን በበዳዩ ላይ ሳይሆን ስሙ ከበዳዩ ጋር በተመሳሰለ ሁሉ ላይ ስለሚጽፍ ነው።

አሁን ወደ ምዕራባውያኑ ክርክር መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው፥ ነፃነት ያለበት አገር የአክራሪውንም ቃል መታገሥ አለበት፤ አፉ ከተዘጋ በጨለማ ይሠራል ይላል። ሁለተኛው፥ ነፃነትን ለማጥፋት የሚጠቀምባትን ሰው ነፃነት መስጠት የገዛ ቤትን ለሌባ መክፈት ነው ይላል። ፈረንሳይ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 መንግሥትንና ሃይማኖትን በሕግ ለይታ፥ በ2004 ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት እንዳይለበስ ከለከለች። እንግሊዝ ልብሱን ሳትከለክል ሌላ መንገድ ያዘች፤ ሁለቱም ነቃፊ አላጡም።

በሎንዶን ከተማ በፊንዝበሪ ፓርክ የሆነው ነገር ግን ከብዙ ክርክር የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ያለው መስጊድ ጥላቻን የሚሰብክ ኢማም ይዞት በመላው ዓለም ክፉ ስም አትርፎ ነበር። በ2003 ፖሊስ ገብቶ ፈተሸው፤ መስጊዱም ተዘጋ። በ2005 አዲስ እስላም አስተዳዳሪዎች ተረክበው ከፈቱት፤ ለጎረቤቱም ሁሉ ደጁን ክፍት አደረጉ። በሰኔ 2017 ደግሞ እስላሞችን የሚጠላ አንድ እንግሊዛዊ በመስጊዱ አቅራቢያ ከጸሎት በሚወጡ ሰዎች ላይ መኪና ነድቶ አንድ ሰው ገደለ፥ ብዙዎችንም አቈሰለ። የተቈጣው ሕዝብ ነፍሰ ገዳዩን ሊጨርሰው ሲከብበው፥ በሥፍራው የነበሩት ኢማም በመካከል ገብተው ማንም እንዳይነካው ከልክለው ለፖሊስ አስረከቡት። ሰውየውም በፍርድ ቤት ተፈረደበት። ኢማሙ ሃይማኖታቸው አልላላም፤ ያን ሰው ያዳኑት ከሃይማኖታቸው የተነሣ ነው። መለኪያው ምን እንደ ሆነ ለጠየቀ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጥ መልስ አይገኝም።

እንግዲህ ከስሜን ተራራ እስከ ሎንዶን የታየው ነገር የእያንዳንዱን ድርሻ ያሳያል። የመንግሥት ድርሻ እምነትን መመርመር ሳይሆን ሥራን መፍረድ ነው። አንዱ ሌላውን የተሳሳተ ነው ብሎ ቢያስተምር ይህ ክርክር ነው፥ በክርክርም ይመለሳል። ግደል፥ አቃጥል፥ ከመንደር አስወጣ ብሎ ቢቀሰቅስ ግን ይህ ወንጀል ነው፤ ወንጀለኛውም ስሙ ማን እንደ ሆነና ወዴት እንደሚጸልይ ሳይጠየቅ በሕግ ፊት መቆም አለበት። ፍርድ ሲዘገይ ወይም ለአንዱ ወገን ሲያደላ ልከኛውን ሰው አፍ ያሲዘዋል፤ አክራሪው፥ አይደለም ወይ ያልኋችሁ እያለ በወጣቱ ፊት ይኰራልና።

የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ከመንግሥት ይበልጣል። መንግሥት የወጣውን እጅ ይይዛል፤ የልብን አሳብ ግን የሚያርመው ካህኑና ሼሁ ነው። የሌላው ወገን ሲበድል ብቻ የሚያወግዝ አባት የወይና ደጋን ርኅራኄ ይደግማል። የገዛ ልጁ ሲበድል በአደባባይ ወጥቶ ይህ የእኛ ትምህርት አይደለም የሚል ግን አገር ያድናል። ሲናገር ከገዛ ወገኑ ይነቀፋል፥ ከዳተኛም ይባላል፤ ይህን ነቀፋ የሚችል ትከሻ ከሌለው በአባትነት ስም መጠራቱ ከንቱ ነው።

የቤተሰብና የጎረቤት ድርሻም ቀላል አይደለም። በዳባትም በደባርቅም፥ በሌላውም የኢትዮጵያ ከተማ፥ በለቅሶና በሠርግ፥ በእድርና በዕቁብ ክርስቲያኑና እስላሙ ይገናኛሉ። ሥጋው ተለይቶ ይታረዳል፥ ማዕዱ ተለይቶ ይቀርባል፤ ኀዘኑ ግን ባንድ ድንኳን ነው። ይህ ልማድ ማንም ከውጭ ያላስተማረው ሀብት ነው፤ ዳሩ ግን ዛሬ ወጣቱ ወሬ የሚሰማው ከድንኳኑ ሽማግሌ ሳይሆን በእጁ ከያዘው ስልክ ስለ ሆነ፥ ሀብቱ ሳይታወቅ እንዳያልቅ ያሠጋል። የቡዳን ተረት በምድጃ ዳር ይነግር የነበረው ዘመን አለፈ፤ ያው ተረት ስሙን ለውጦ በስልክ ሲመጣ ወላጅ ልጁን፥ ይህን ያልህ ሰው በዓይንህ አይተኸዋል ወይ፥ ያልኸውስ ጎረቤትህን ነው ወይ ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።

«አገር የጋራ ነው፥ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው ቃል ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በሕዝቡ አፍ ይነገራል። ቃሉን ማንም ያውቀዋል፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም። ዛሬ በጎንደር አጠገብ በወለቃ የነበረው የቤተ እስራኤል መንደር የጎብኚ መታያ ሆኗል፤ ጸሎቱን የሚያደርሱበት ሰዎች በባሕር ማዶ ናቸው። አንድ ጎረቤት ከሄደ በኋላ ቤቱን ማስጐብኘት ለማንም አይከብድም። የሚከብደውም የሚያስከብረውም፥ ያልሄደውን ጎረቤት በእምነቱ እንዳለ አክብሮ፥ ርስቱም ሕይወቱም ሳይነካ አብሮ ማደር ነው። ይህንም ሊያደርግ የሚችለው የገዛ ሃይማኖቱን በሚገባ ያወቀ ሰው ስለ ሆነ፥ የሃይማኖት ጽናትና ልከኝነት ባንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ የኢትዮጵያ ወጣት በትምህርት ቤትም፥ በመቅደስም፥ በመስጊድም ሊማር ይገባዋል።